የማዳም ራስ ምታትና የእኔ ካርቶኖች

ፈሪ ለእናቱ ይባላል። እኔ ግን ለእናቴም አልሆንኩ፤ እሷንም እፈራት ነበርና። ሐርቡ ገበያ ውላ ስትመለስ በር ላይ አቁሜ እጠይቃታለሁ። የጥቁሯ ፍየላችን ስም ማነው? ባለፈው ረመዳን የሰበርኩት ዕቃ ምንድነው? ሁለቱንም በትክክል ከመለሰች በኋላ ጎንበስ ብዬ እግሯን አያለሁ። ሰው መስሎ የሚመጣ ጅኒ እግሩ ሰኮና ነው ብላ የነገረችኝ ራሷ ናትና ጥፋቱ የእኔ ብቻ አይደለም። እሷ ግን ሸክሟን ተሸክማ ፀሐይ ላይ ቆማ በገዛ ልጇ መመርመር ሰለቻትና አንድ ቀን መልሱን ትታ በጥፊ አለችኝ። ያን ቀን እውነተኛዋ እናቴ መሆኗን ያለ ጥርጥር አመንኩ።

ይህን የማወራችሁ ነገር ለማስረዘም አይደለም። ሪያድ ከተማ፣ ሱለይማኒያ በሚባል ሰፈር፣ ኮሮና ሊመጣ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ይኸው ፍርሃቴ ለፖሊስ ሊያስረክበኝ ነበር። ቀስ ብዬ ልንገራችሁ፤ ፈሪ ሰው ሲያወራም ዙሪያውን አይቶ ነው የሚገባው።

ልጅነቴን ለሁለት ብትከፍሉት ግማሹ መፍራት፣ ግማሹ ደግሞ የፈራሁት እስኪመጣ መጠበቅ ነው። የዘይቱን ፍሬ የዋጠ ሰው ሆዱ ውስጥ ዛፍ ይበቅልበታል ስለተባልኩ አንድ ክረምት ሙሉ አፌን ከፍቼ ተኝቻለሁ፤ ቅርንጫፉ መውጫ አጥቶ በዓይኔ እንዳይመጣ ብዬ። ኮከብ የቆጠረ ኪንታሮት ያወጣል ስለተባልኩ ደግሞ ከመሸ በኋላ አንገቴን ደፍቼ ነበር የምሄደው። አንዴ ተዘናግቼ ሰባት ድረስ ቆጠርኩ። ከዚያ በኋላ ሰባቱ ኪንታሮቶች የት የት እንደሚወጡ ሳሰላ ሰነበትኩ። አንዱ አፍንጫዬ ላይ እንደሚሆን አልተጠራጠርኩም።

ከሁሉ የባሰው የወንድሜ ነገር ነው። የተኛ ልጅ የተሻገረ ሰው ተመልሶ ካልተሻገረው ልጁ አያድግም ይባላል፤ እናንተም ቤት ሳይባል አይቀርም። ወንድሜ ሰዒድ በባሕር ወደ ሳዑዲ ሊሄድ ቦርሳውን ይዞ ሲወጣ እኔ በሩ ሥር ተጋድሜ ነበርና ተሻገረኝ። ተመልሶ አልተሻገረኝም። ተመለስ እያልኩ እስከ አስፋልቱ ድረስ ተከትዬው ሮጥኩ። ያዩኝ ሴቶች ምስኪን፣ ወንድሟ ሄዶባት እኮ ነው ብለው አብረውኝ አለቀሱ። እኔ የማለቅሰው ለቁመቴ ነበር፤ ያኔ እንደዚያ ነው የመሰለኝ። ሰዒድ ከጂዛን አንድ ጊዜ ደወለ፣ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ቁመቴም እዚያው ላይ ቀረች። ዛሬም የአሠሪዬን የማዳምን ላይኛውን መደርደሪያ ለመወልወል ወንበር እፈልጋለሁ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ፍርሃት ይዤ፣ በአውሮፕላንና በኮንትራት፣ እሱ የሄደበት አገር መጣሁ። ሥዕል መሳል የጀመርኩት አርብ አርብ ነው። አርብ ቤተሰቡ አያት ዘንድ ሲሄድ እኔ ከቤቱ ጋር ይቆለፍብኛል። አቡ ፋሪስ፣ የማዳም ባል ማለት ነው፣ ራሱ ላይ የሚያደርገው ሽማግ ተተኩሶ ሲመጣ ውስጡ ነጭ ካርቶን ይገባበታል። መጣሉ ስላሳሳኝ ከፍራሼ ሥር ማጠራቀም ጀመርኩ። ማዳም የጣለችው የቅንድብ እርሳስ ደግሞ ነበረኝ፤ ጣት ታክላለች። ካርቶኑን በአራት ሳጥን እከፍለዋለሁ። ይህን የተማርኩት ከሐርቡ ጤና ጣቢያ ግድግዳ ነው። እዚያ የተሳለው ሰውዬ በመጀመሪያው ሳጥን ሽንት ቤት ይገባል፣ በሁለተኛው እጁን ይታጠባል፣ በሦስተኛው ይበላል፣ በአራተኛው ጤነኛ ሆኖ ይስቃል። እኔ ደግሞ በመጀመሪያው ሳጥን እፈራለሁ፣ በሁለተኛው ይብስብኛል፣ በሦስተኛው የፈራሁት ይመጣል፣ በአራተኛው የሚስቅ የለም። ከሥሩ በአማርኛ አንዳንድ ነገር እጽፍበታለሁ።

ከጆሮዬ የወጣ የዘይቱን ዛፍ ሳልኩ፤ ጎረቤታችን ሳታስፈቅደኝ ልብሷን ታሰጣበታለች። ሰባቱን ኪንታሮቶች ዓይንና አፍ ሰጥቻቸው አፍንጫዬን ማን ይያዝ ብለው ሲጣሉ ሳልኩ። ሁለት እናቶቼን ጎን ለጎን አቁሜ አንደኛዋን ሰኮና አደረግሁላት። የሰዒድን እግር ብቻውን ሳልኩ፤ ከሐርቡ ተነስቶ ባሕሩን ተሻግሮ ጂዛን ይረግጣል፣ መርከብ በሥሩ ያልፋል። አሥራ አራት ካርቶን ሞላ። አንዳንዱን ስስል ብቻዬን ሳቅሁ፤ አንዳንዱን ስጨርስ ተነስቼ ፊቴን ታጠብኩ።

አሁን ወደ ፀጉሩ እንምጣ። እኛ ዘንድ ማበጠሪያ ላይ የቀረ ፀጉር እንዲሁ አይጣልም። ነፋስ ከወሰደው ወይም ወፍ ጎጆዋን ከሠራችበት ባለቤቱን ራሱን ያመዋል። ስለዚህ ጠቅልሎ የግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ መወተፍ ነው። የእናቴ ቤት ግድግዳ ግማሹ ጭቃ፣ ግማሹ ፀጉር ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። የሪያድ ግንብ ስንጥቅ የለውም። ግን ክፍሌ ውስጥ የውሃ ማሞቂያው ቧንቧ የሚገባበት ቀዳዳ ነበረና ሁለት ዓመት ሙሉ የራሴን እዚያ ወተፍኩ። ራሴን አንድም ቀን አሞኝ አያውቅም።

ማዳምን ግን ያዛት። ሦስት ሳምንት መጋረጃዋን ዘግታ ተኛች። ሐኪም ዘንድ ሄደች፣ ዓይኗን ታየች፣ ኪኒን ዋጠች፤ ወይ ፍንክች። እኔ መታጠቢያ ቤቷን ሳጸዳ ምክንያቱን በዓይኔ አየሁት። ያ ሁሉ ቀለም የተቀባ ፀጉሯ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ተጥሏል፤ ከዚያ ወደ መንገድ፣ ከመንገድ ወደ ነፋስ። የሪያድ ነፋስ ደግሞ የዋዛ አይደለም። ልንገራት ብል በየትኛው ዓረብኛ? ዝም ልበል ብል አንጀቴ አልቻለም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት እንግዲህ ይሄ ነው። ፀጉሯን ከመጣያው እየለቀምኩ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ በክር ቋጥሬ፣ ከራሴው ጋር ቀዳዳው ውስጥ ማስቀመጥ ጀመርኩ። በሳምንቱ ሁለት ቀን ተሻላት። ምስር እየለቀምኩ ለብቻዬ ፈገግ አልኩ፤ ይህች ሴት ማን እንዳዳናት አታውቅም ብዬ።

በሦስተኛው ቀን ተመለሰባት። ያን ጊዜ፣ ኋላ እንደሰማሁት፣ አንዲት ጓደኛዋ በስልክ የሠራተኛሽን ክፍል ፈትሸሻል ወይ ብላ ጠየቀቻት። ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ማዳም ራሷን በሻሽ እንዳሰረች ክፍሌ ገባች፣ ፍራሹን አነሳች፣ ካርቶኖቹን አገኘች። አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ ቧንቧው ጋ ያለውን ነጭ ጨርቅ አይታ በሁለት ጣት ጎትታ አወጣችው። በጨርቁ ጠርዝ ሾልኮ የታያት የገዛ ፀጉሯ ነበር። አልጮኸችም፤ ብትጮኽ በተሻለኝ። ለባሏ ደውላ በሹክሹክታ አንድ ቃል ተናገረች፦ "ሲሕር።" ድግምት ማለቷ ነው፤ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። በዚህ አገር ሲሕር አሠራች የተባለች ሠራተኛ መጨረሻዋ ምን እንደሆነ ማንም ድምፁን ከፍ አድርጎ አያወራም።

ስልኬን ወስዳ በሩን ከውጭ ቆለፈችብኝ። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ እጄን አየሁት። እኔ እኮ በየቀኑ ስተኛ ቋጠሮ ላይ ከሚተፉ ደጋሚዎች ጠብቀኝ ብዬ ዱዓ የማደርግ ሰው ነኝ። የማዳምን ፀጉር በገዛ እጄ ሦስት ጊዜ ስቋጥር አንዴ እንኳ ትዝ አላለኝም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ፤ ምነው እሱ በደረሰብኝ። ዛፍ ፈርቻለሁ፣ ኪንታሮት ፈርቻለሁ፣ እናቴን ፈርቻለሁ። ለእነዚህ ሁሉ ተዘጋጅቼ ነበር። ይሄኛው የመጣው ካልጠበቅሁበት በኩል ነው።

በሩ እስኪከፈት ራሴን የምከላከልበትን ንግግር አዘጋጃለሁ ብዬ የማውቀውን ዓረብኛ ሰበሰብኩ። አምጪ፣ አጽጂ፣ ሽንኩርት፣ ቶሎ፣ በቃ የሚሉበት ኸላስ። በእነዚህ አምስት ቃላት ንጹሕነትን ማስረዳት አይቻልም፤ ቢበዛ ወጥ ይሠራባቸዋል።

ከከሰዓቱ የዐስር ሰላት በኋላ ወደ እንግዳ መቀበያው ጠሩኝ። ሲሕር የሚያከሽፉ ሽማግሌ ሼኽ መጥተው ነበር። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ መነጽራቸውን ጠዋት ማታ የሚወለውሉ የሚመስሉ ሰው ናቸው። ፊታቸው አንድ ጠርሙስ ውሃ፣ ጋዜጣ ላይ የተቀመጠው ጥቅልል፣ ከጎኑ አሥራ አራቱ ካርቶኖቼ። አቡ ፋሪስ ቆሟል። ማዳም በውስጠኛው በር በኩል ዓባያዋን ለብሳ ግድግዳ ተደግፋለች። ምንጣፉ ጫፍ ላይ ደግሞ ካሳሁን ባዶ እግሩን ቆሟል፤ ከሱሪው ውሃ ይንጠባጠባል።

ካሳሁን የቆቦ ልጅ ነው፤ በመንገዳችን ያሉትን ቤቶች መኪና የሚያጥብ። ክርስቲያን ነው፣ ግን ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ወረቀት ስለሌለው ስም ማማረጥም አልቻለምና ሰፈሩ ሐሰን ይለዋል። ቆሻሻ ላወጣ ስወጣ ሰላም ከመባባል ያለፈ ነገር አውርተን አናውቅም። አቡ ፋሪስ ዓረብኛ የሚችል ሐበሻ አምጡ ሲል ባልዲውን እንደያዘ አስገቡት። ፖሊስ ከተጠራ ከእኔ ቀድሞ የሚጫነው እሱ ነው። ስለዚህ አንድ ዓይኑ እኔ ላይ፣ አንድ ዓይኑ የግቢው በር ላይ ነበር።

አቡ ፋሪስ ነገሩን በአጭሩ ተናገረ። ሼኹ ሲሕር ነው ካሉ ፖሊስ ይጠራል፤ አይደለም ካሉ ወደ ድስቴ እመለሳለሁ። ካሳሁን ተረጎመልኝና የራሱን ጨመረበት፦ "አብሽሪ እህቴ። ብቻ አሳጥሪው፣ በአላህ።"

ሼኹ ቁርኣን እየቀሩ ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ ፈቱ። ለምን ሦስት ሆኑ ብለው ጠየቁ። ክሩ ረጅም ስለነበር አልኩ። እውነት ነው፤ ግን ሲተረጎም ሰምቼው እኔም አላመንኩትም። ፀጉሩን ለምን እንደደበቅኩት ሲጠይቁኝ ስለ ነፋሱ፣ ስለ ወፏ፣ ስለ ጎጆውና ስለ ራስ ምታቱ ነገርኳቸው። ካሳሁን ወፏ ጋ ሲደርስ ቃሉ ጠፋበትና በሁለት እጁ በረረ። ሼኹ ልታድኛት ፈልገሽ ነው ወይ አሉ። አዎ አልኩ። ያኔ ማዳም ከበሩ ሆና፣ ሳታስበው መሰለኝ፣ ሁለት ቀን ተሽሎኝ ነበር አለች።

የሚጠቅመኝ ምስክርነት መስሎኝ ደስ አለኝ። የሼኹ ፊት ግን ጠቆረ። ለካ ካዳናት ሲሕር ነው ማለት ነው። ወዲያው ገብቶኝ በሦስተኛው ቀን ተመልሶባታል፣ ምንም አልሠራም፣ እንዲያውም ብሶባታል እያልኩ ለመንኳቸው። በሰው ራስ ምታት እንደዚያ ቀን ተመክቼ አላውቅም።

ከዚያ ካርቶኖቹ መጡ። ሼኹ መጀመሪያ ያነሱት የኪንታሮቶቹን ነው። እነዚህ ሰባት ፊቶች የማን ናቸው አሉ። ማዳም በጣቷ ቆጠረች፦ እሷ፣ ባሏ፣ አምስት ልጆች። ሰባት። ቆማበት ከነበረው ቦታ ቁጭ አለች። አቡ ፋሪስ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ኪንታሮቶች ናቸው አልኩ። ካሳሁን ዞሮ በደንብ አየኝ። "እህቴ፣ ኪንታሮት ልበል?" "በል" አልኩት። ተረጎመው። አቡ ፋሪስ ድገመው አለው። ደገመው። ሼኹ ካርቶኑን አራቁት፣ አቀረቡት፤ በመጨረሻ አፍንጫዬን አዩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ኪንታሮቱ ያኔ አለመውጣቱ የቆጨኝ ያን ቀን ነው፤ ማስረጃ ይሆነኝ ነበር።

ዛፉን ዝም ብለው አለፉት። ሰኮናዋ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ይህች ማናት አሉ። እናቴ ናት ስል ካሳሁን አልተርጉም አለኝ። እናትን ሰኮና አድርጎ የሳለ ሰው ምን ይባላል፣ እኔንም አብረሽ ልታስጨርሺኝ ነው አለ። ስለ ፍየሏ ስም፣ ስለ ሰበርኩት ዕቃ፣ ስለ ጥፊው ቶሎ ቶሎ ነገርኩት። እያቅማማ ተረጎመው። ሼኹ መነጽራቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ወደ አቡ ፋሪስ ዘንበል ብለው ዝቅ ባለ ድምፅ አወሩ። ካሳሁን ያለ ማንም ትእዛዝ ሹክ አለኝ፦ በልጅነታቸው እናታቸው በቀትር ያልተኛ ልጅ የምትይዝ፣ የአህያ እግር ያላት ሴት አለች ብለው ያስፈራሯቸው ነበር፤ እስከ አሥር ዓመታቸው ቤት የገባውን ሁሉ እግር እግሩን ነበር የሚያዩት። አቡ ፋሪስ ምንጣፉን ማየት ጀመረ። እሱም በልጅነቱ እግር ያይ ነበር ማለት ነው።

የመጨረሻው የሰዒድ እግር ነበር። ካርቶኑን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል። ከሥሩ አንዲት ትንሽ ልጅ ቁመቷን በር መቃን ላይ እየለካች ቆማለች። ይሄስ ምንድነው አሉ ሼኹ። አሳጥሬ ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ አልሆነልኝም። ተሻግሮኝ ሄደ፣ ተመልሶ አልተሻገረኝም አልኩና እንባዬ ቀደመኝ። በዚያን ጊዜ ስለ ቁመቴ አልነበረም የማለቅሰው። ወንድሜን ማጣቴን እዚያ የሰው ምንጣፍ ላይ ቆሜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገርኩት። ካሳሁንም በዚያው በጂዛን በኩል፣ በዚያው ባሕር ነው የመጣው። እኔ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው ያወራሁት፤ እሱ ብዙ ተናገረ። ምን እንደጨመረበት አላውቅም። ባሕር ሲል ሰማሁ፣ ጂዛን ሲል ሰማሁ፣ ከዚያ የራሱን እግር ሲያሳያቸው አየሁ።

ሼኹ ቁርኣን የቀሩበትን ውሃ ለማዳም ሰጥተው ተነሱ። "ሲሕር አይደለም" አሉ። "ልጅቷ ፈሪ ናት፤ ሌላ ምንም የለባትም።"

እናቴ ፈሪ ብላኛለች፣ አስተማሪዬ ፈሪ ብሎኛል፣ ጎረቤት በሙሉ ብሎኛል፤ ሁሌም አንገቴን እደፋ ነበር። ያን ቀን ግን ማኅተም የተመታበት ወረቀት የተሰጠኝ ያህል ተነፈስኩ። ሼኹ ፀጉሩ እንዲቀበር፣ ማዳምም ሌላ ሐኪም እንድታይ አዘዙ። ለእኔ ደግሞ ካርቶኖቹን እየመለሱ ነፍስ ያለው ነገር አትሳዪ፣ ከፈለግሽ ዛፍ ሳዪ አሉኝ። ዛፍማ ስዬ ነበር፣ ጆሮዬ ላይ ሆነ እንጂ ልል አስቤ ተውኩት።

ጫማቸውን ሊያደርጉ ጎንበስ እንዳሉ ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸው ለስልሶ ነበር። ለካሳሁን አንድ ነገር ነገሩት፤ ልጅነቷስ አለፈ፣ አሁን የምትፈራው ምን እንደሆነ ጠይቃት አሉት። ጠየቀኝ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፣ ውሃ አልጠጣሁም፣ ቃል መርጬ የምናገርበት አቅም አልቀረኝም። መልሱ ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

"እናንተን" አልኩ።

ካሳሁን ወደ እኔ አልዞረም። የግቢውንም በር አላየም። እርጥብ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ሼኹን ፊት ለፊት እያየ ተረጎመው። "አላህን ነው የምትፈራው" አላቸው።

ሼኹ ማሻአላህ አሉ። አቡ ፋሪስ ማሻአላህ አለ። ማዳምም ከበሩ ሆና አለች። ያቺን ያህል ዓረብኛ እኔም አውቃለሁ፤ ግን አላረምኩትም።